ረግረግ ያደረቀች፣ ሣር የምታጠጣ ከተማ

በሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ያለውን ሣር አንድ ቀን ቆም ብለው ተመልክተውት ያውቃሉ? ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አረጋውያን ሲመሽ ወንበር አውጥተው ነፋስ ይቀበሉበታል፤ አንዳንዶቻችንም በጠርዙ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ተክለንበታል። በሐዴራ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጥቅምት ድረስ ይህ ነው የሚባል ዝናብ አይወርድም። ሣሩ ግን አረንጓዴ ነው።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው። በጎንደርም ሆነ በወልቃይት፣ በሰሜንም ሆነ በትግራይ ሣርን የሚያጠጣ ክረምቱ ነበር። ሰኔ ሲገባ መሬቱ ይለመልማል፤ መስከረም ላይ መስኩ ያብባል፤ በጋ ሲመጣ ይደርቃል፤ ከብቶቹም የቀረውን ይለቅማሉ። ሣር ውሃ ይቀዳለት የሚል ሰው ቢገኝ መንደሩ ይስቅበት ነበር። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኛው ማጠጫውን ሲከፍት ባየች ቁጥር «ለማን ከብት ነው?» ትል ነበር። ጥያቄዋ ቀልድ አልነበረም። እኔም ብዙ ቆይቼ ነው መልሱ ታሪክ ውስጥ እንዳለ የተረዳሁት። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትም ስለዚህ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

የከተማችን ስም የመጣው ኹደይራ ከሚለው የዐረብኛ ስም ሲሆን፣ ሥሩ አረንጓዴ ማለት ነው። አረንጓዴነቱ ግን የሣር ሜዳ አልነበረም፤ የረግረግ አረንጓዴ ነበር። የሁሹዋ ሀንኪን መሬቱን የገዛው በ1890 እና በ1891 አካባቢ ሲሆን ስፋቱ ወደ 30,000 ዱናም ይደርስ ነበር። ጊቭአት ኦልጋ የምንለው ሰፈር የተሰየመው በባለቤቱ በኦልጋ ሀንኪን ስም ነው። ከቪልና፣ ከኮቭኖ፣ ከሪጋና ከመሳሰሉት የሩስያ ግዛት ከተሞች የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዛሬ ሙዚየም በሆነው በአሮጌው ኻን ውስጥ ገብተው ሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች የመጡት ከበረዶ አገር ነው። ውሃ በሽታ ይሆናል ብለው የጠበቁ አይመስለኝም።

ወባው ወዲያው ጀመራቸው። በአሮጌው የከተማዋ መካነ መቃብር ያሉት ድንጋዮች ተቆጥረው፣ ከ540 ነዋሪዎች 210 ያህሉ በወባ እንደ ሞቱ ይነገራል። ይህን ቁጥር በችኮላ አንብበው አይለፉት፤ ከአምስት ሰው ሁለቱ ማለት ነው። ከቆላ አርማጭሆና ከሁመራ በኩል የመጡ ወገኖቻችን፣ ይልቁንም በ1984 በሱዳን መጠለያዎች ያለፉት፣ ንዳድ አንድን ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ምን እንደሚያደርገው ለማስረዳት ሙዚየም አያስፈልጋቸውም። የሐዴራ ሰፋሪዎችም ልጆቻቸውን እየቀበሩ ቀሩ። አንዳንዶች ሄዱ፤ የቀሩት ግን ቀሩ። ያክማቸው ከነበሩት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ሂሌል ያፌ ነበር። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን የወለድንበት ሆስፒታል ስሙን የወሰደው ወባን ሲታገል ከኖረው ከዚህ ሰው ነው። ሐኪም ከመንደር መንደር በፈረስና በጋሪ ይዞር በነበረበት ዘመን ትልቁ መድኃኒት ኪኒን ነበር፤ ኪኒን ግን ረግረጉን አያደርቅም።

ስለዚህ የሐዴራ የመጀመሪያ ሥራ ውሃን ማባረር ሆነ። በ1890ዎቹ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ገንዘብ ሰጠ፤ ከግብፅ የመጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ረግረጉ ውስጥ ቆመው ቦይ ቆፈሩ፤ ውሃው ወደ ባሕር እንዲፈስ ተደረገ። (እነዚህን ሠራተኞች የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የከተማ ታሪክ ሲነገር ገንዘብ የሰጠው ይጠራል፤ አካፋ የያዘው ይረሳል። እኛም አካፋ ከያዙት ወገን ስለ ሆንን ነገሩ አይጠፋንም።) ከቦዩም ጋር ዛፍ ተተከለ። ዛፉን እርስዎ በደንብ ያውቁታል፤ ባሕር ዛፍ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ዝምድና ለልጆቻችን የነገራቸው የለም። ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስሙንም አማርኛ የሰጠው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው። አዲስ አበባ በ1886 ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ፤ ከተማዋ እንደ ቀደሙት መዲናዎች ልትነሣ ነው እስከ መባል ተደረሰ። በ1890ዎቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ ስለ ተስፋፋ ግን ማገዶ ተገኘ፤ ከተማዋም በቦታዋ ጸናች። ሐዴራም ይህንኑ ዛፍ የተከለችው በእነዚያው ዓመታት ነው። እዚያ ነጩ ባሕር ዛፍ ለማገዶ፤ እዚህ ቀዩ ባሕር ዛፍ ረግረግ እንዲጠጣ። አንድ የባዕድ አገር ዛፍ በአንድ ዘመን ሁለት ከተማ አቆመ ማለት ነው። በከተማችን ዳር እስከ ዛሬ ያለውን የባሕር ዛፍ ደን ለሽርሽር ሲገቡበት ሽታው አገር ቤትን ያስታውስዎት እንደሆነ፣ በከንቱ አይደለም።

ዛፉ ግን ብቻውን ረግረጉን አላደረቀውም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት እንደዚያ ብለው የሚናገሩት ታሪኩ ስለሚያምር ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ እንደሚጠጣ ከአጠገቡ ጤፍ የዘራ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሠራው ቦዩ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እርሻው፣ ብርቱካኑና ከተማው የመጣው።

የሣር ሜዳው ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። ለከብት ሳይሆን ለዓይን ተብሎ የሚያድግ ሣር የእንግሊዝ ባላባቶች ፈጠራ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም። እንግሊዝ አገር ዓመቱን በሙሉ ያካፋል፤ ሣሩም ያለ ማንም ድካም ያድጋል። ቀድሞ በማጭድና በበግ ነበር የሚያጥረው። በ1830 ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በጨርቅ ፋብሪካ የሱፍ ጨርቅን ጭራ የሚከረክመውን መሣሪያ አይቶ የሣር ማጨጃ መኪና ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ባላባት ያልሆነውም ሰው ሣር ለማሳጠር በቃ። እንግሊዞች ይህንን አገር እስከ 1948 ሲገዙ ልማዳቸውም አብሯቸው ነበር። ኪቡጾችም ሣሩን ወደዱት፤ ከመመገቢያ አዳራሹ ፊት ለፊት ሰፊ የሣር ሜዳ አበጁ፤ ቅዳሜ ከነልጆቻቸው የሚቀመጡበትና በዓል የሚያከብሩበት አደረጉት። ከኪቡጹ ወደ ከተማው ሕንፃ፣ ከዚያም ወደ እኛ ደጃፍ ደረሰ። ካካፊያ አገር የመጣው ልማድ ስድስት ወር ዝናብ በማያይ አሸዋ ላይ ተነጠፈ ማለት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ልማዱ የአውሮፓ ይሁን እንጂ ሣሩ የእኛ ነው። በዚህ አገር ብዙ ግቢ የሸፈነው ኪኩዩ የሚባለው ሣር ስሙን ያገኘው ከኬንያው የኪኩዩ ሕዝብ ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያ ውስጥ አለችበት። የሳሎ ሣር ሁሉ ጠላት የሆነው፣ በየስንጥቁ የሚበቅለውና ዕብራይስጡ ያብሊት የሚለው ደግሞ ሰርዶ ነው። አትክልተኛው ሲነቅለው ያየ አባት «ተወው፤ እሱ አይሞትም» ቢለው እውነቱን ነው። ሁለቱም ሙቀት ወዳዶች ናቸው፤ ድርቅንም የመቻል ጉልበት አላቸው። ይህን ማወቅ ለውሃ አሰጣጡ ይጠቅማል፤ ጥቂት ቆይቼ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። በ1959 የወጣው የውሃ ሕግ የአገሪቱን የውሃ ምንጭ ሁሉ የሕዝብ አደረገው፤ ከጓሮዎ የሚወጣ ውሃ ቢሆንም የግልዎ አይደለም። በ1964 ብሔራዊው የውሃ መስመር ተመርቆ የኪኔሬትን ውሃ ወደ ደቡብ አወረደ። በ1965 ደግሞ የውሃ መሐንዲሱ ሲምሐ ብላስ ከኪቡጽ ሐጸሪም ጋር የጠብታ መስኖን በሥራ ላይ አዋለ፤ ውሃው በሙሉ ማሳው ላይ መረጨቱ ቀርቶ ከተክሉ ሥር ጠብ ጠብ እንዲል ተደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖም ዝናብ ከቀረ ውሃ የለም። በሰሎሞን ዘመቻ በግንቦት 24 እና 25፣ 1991 ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን ሲገቡ አገሪቱ በድርቅ ላይ ነበረች፤ ለእርሻ የሚሰጠው ውሃ በእጅጉ ተቀንሶ ነበር። የሚቀጥለው ክረምት ግን እንደ ጉድ ዘነበ፤ ኪኔሬትም ሞላ። አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ዝናቡን ይዘን የመጣነው እኛ ነን ይላሉ። እኔ አልከራከራቸውም።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ2001 መጨረሻ ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች ወደ 215 ሜትር ገደማ ወረደ፤ ይህም እስከዚያ ድረስ ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በ2009 ሌላ ድርቅ መጣ። በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን ፊታቸው እንደ ደረቀ መሬት ሲሰነጣጠቅ የታዩትን ሰዎች ያስታውሷቸዋል። ከተወሰነ መጠን በላይ በተጠቀመ ቤት ላይ የድርቅ ግብር ተጣለ፤ ጥቂት ወራት ሠርቶም ቆመ። ስሙ በይፋ የተነሣው የመጀመሪያው ተከሳሽ የግቢ ሣር ነበር፤ አለአግባብም አልነበረም።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ከኦሮት ራቢን አጠገብ፣ የሐዴራ የባሕር ውሃ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። በዓመት 127 ሚሊዮን ኩብ ሜትር ውሃ እንዲያወጣ የተሠራ ሲሆን፣ በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት በዚህ ዘዴ ከሚሠሩ ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ውሃው በከፍተኛ ግፊት በረቂቅ ወንፊት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ጨው ይቀራል፤ ንጹሑ ያልፋል። ለአንድ ኩብ ሜትር ውሃ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ነገሩን ልብ ይበሉ፤ ውሃ እንዲሄድላት ሰው የቀበረች ከተማ፣ ከመቶ ዓመት ጥቂት አልፎ ውሃ ከባሕር በጉልበት የምታወጣ ሆነች።

ስለዚህ ሣሩ ላይ የሚረጨው ውሃ ምንጭም ዝናብም አይደለም ማለት ይቻላል፤ ፋብሪካ ያወጣው ዕቃ ነው። ልኩን እንየው። አንድ ሚሊሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። በበጋ እዚህ የባሕር ዳርቻ ላይ የቆየ የኪኩዩ ሣር በሳምንት ወደ 25 ሚሊሜትር ቢያገኝ በቂው ነው። መቶ ካሬ ሜትር ለሆነ ግቢ 2,500 ሊትር ይሆናል። እንስራው 20 ሊትር ይይዛል እንበልና፣ በሳምንት 125 ጊዜ ወንዝ ወርዶ መውጣት ነው። ይህን ስሌት ለእናቶቻችን ስነግራቸው መጀመሪያ ጀርባቸውን ይይዛሉ፤ ከዚያም ያስባሉ። በወለቃና በሌሎችም መንደሮች እንስራውን ከጭቃ የሠሩትም፣ ውሃውን የተሸከሙትም እነሱው ናቸውና፤ የሊትርን ክብደት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ታዲያ እንዴት ይጠጣ? አዲስ ሣርና የቆየ ሣር አንድ አይደሉም፤ በየሕንፃው የማየው ስሕተት ሁሉ የሚመጣው ሁለቱን አንድ ከማድረግ ነው። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣ አዲስ ሣር ሥሩ ተቆርጧል። በተነጠፈበት ቀን ከሥሩ ያለው አፈር እስኪርስ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ሙቀቱ ከበረታም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት ይሰጠው። ዓላማው የላይኛው አፈር እንዳይደርቅ ነው፤ ኩሬ ማድረግ አይደለም። በአሥረኛው ቀን ገደማ ጫፉን ቀስ ብለው ይሳቡት፤ እምቢ ካለ ሥር ይዟል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን እያራራቁ፣ መጠኑን እያበዙ መሄድ ነው። የሚቻል ከሆነ በፀደይ ይተከል፤ በሐምሌ መትከል ውሃውን ለፀሐይ መገበር ነው።

የቆየው ሣር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አልፎ አልፎና በብዛት ይፈልጋል። ውሃው ወደ 15 ወይም 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት መውረድ አለበት። መውረዱን ለማወቅ በማግስቱ ካቻቢቴ አፈሩ ውስጥ ይሰኩ፤ በቀላሉ ከገባ ደርሷል። ሲጠማው ራሱ ይናገራል፤ ረግጠውት ሲያልፉ ዱካዎ ቶሎ ካልጠፋ ውሃ ፈልጓል ማለት ነው፤ ዱካዎ ከጠፋ ግን ይተውት። ማጠጫው ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰጥ ለመለካት አራት አምስት ባዶ የቱና ቆርቆሮ ግቢው ላይ በየቦታው አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ይክፈቱና በማስመሪያ ይለኩ። አንዱ ቆርቆሮ ሞልቶ ሌላው ባዶ ከሆነ፣ ቢጫ የሆነው ቦታ የጎደለው ውሃ ሳይሆን የማጠጫው አፍ ጥገና ነው። ሰዓቱ ንጋት ይሁን፤ ቀትር ላይ ፀሐይና ነፋስ ይወስደዋል፤ ማታ ከሆነም ሣሩ ረጥቦ አድሮ ይሻግታል።

አፈሩንም ይወቁ። ጊቭአት ኦልጋ የሚኖሩ ከሆነ ከሥርዎ ያለው አሸዋ ነው፤ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎም ያጣል፤ የሳምንቱን መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፋፍሉት። ቀድሞ ረግረግ በነበረው በኩል ያለው ከባድ አፈር ግን መረሬ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው፤ አንድ ሰዓት ያለማቋረጥ ቢለቁበት ውሃው አስፋልት ላይ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ ከፍቶ፣ አሳርፎ፣ እንደገና መክፈት ይሻላል። ስለ አፈር ይህን ሁሉ ለእናንተ ማስተማሬ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። አፈርን በእጁ አፍሶ የሚያውቅ ሽማግሌ በየሕንፃው አለን፤ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።

ሥር መያዝን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። በዕብራይስጥ ችግኝ ሥር ሲይዝ «ኒክላት» ይባላል። እኛን የተቀበለን መሥሪያ ቤት ስም የሆነው «ክሊታ» ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። አዲስ ሣርን ለዓመታት እንደ አዲስ ብታጠጡት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየረጫችሁ ብታኖሩት፣ ሥሩ ወደ ታች የሚወርድበት ምክንያት የለውም፤ አንድ ሳምንት ቢቋረጥበት ይጠወልጋል። ከ1984 ጀምሮ የገቡት ወገኖቻችን አርባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጆቻቸው እዚህ ተወልደው፣ ሠራዊት ገብተው፣ ወልደው ከብደዋል። ዛሬም ግን ለልጅ ልጆቻቸው የተለየ የስድስት ወር ፕሮጀክት፣ የተለየ ትንሽ በጀት፣ የተለየ ክፍል የሚዘጋጅበት ጊዜ አለ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለ ቆየሁ የምናገረው አይቼ ነው፤ ትንሽ ትንሹ ርጭት ለመጀመሪያው ዓመት በጎ ነበር። አሁን የሚያስፈልገው ጥልቅ የሆነው ነው፤ ጥሩ መምህር በመደበኛው ክፍል፣ ደኅና ሥራ በመደበኛው በር።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ዝናቡ በደንብ ሲጀምር የማጠጫውን ኮምፒዩተር ያጥፉት፤ እስከ ፀደይም አይክፈቱት። በከባድ ዝናብ ውስጥ ማጠጫ ሲረጭ ማየት ለሐዴራ ሰው የተለመደ ትዕይንት ሆኗል። አንዳንድ ሕንፃዎች ችግሩን ለማቅለል ሣሩን ነቅለው ፕላስቲክ አንጥፈዋል። ለቡና ሥነ ሥርዓት የምንጎዘጉዘው ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነውና ችግር የለውም፤ ውጭ የተነጠፈው ግን በነሐሴ ቀትር ሕፃን በባዶ እግሩ አይረግጠውም። ግማሹን ሣር ትቶ ግማሹን ድርቅ በሚችል ቁጥቋጦና በጠብታ መስኖ መሸፈን የተሻለ መስሎ ይታየኛል።

የሚከፍለውም እርስዎ ነዎት። በውሃ ሂሳቡ ላይ «የጋራ ፍጆታ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ይህ በሕንፃው ዋና ቆጣሪና በየቤቱ ቆጣሪዎች ድምር መካከል ያለው ልዩነት ሲሆን ለነዋሪው ይከፋፈላል። የግቢው ሣርም፣ የፈነዳው ቧንቧም እዚያ ውስጥ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ በቤትዎ የተመዘገበውን የነፍስ ቁጥር ይመልከቱ። ቁጥሩን ያላስመዘገበ ቤት እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጠረው፤ ርካሹ ዋጋ የሚሰጠው ግን በነፍስ ነው፤ ስምንት ሆነው የሚኖሩ ቤተሰቦች የሁለት ሰው ውሃ በርካሽ አግኝተው ቀሪውን በውድ ሲከፍሉ አይቻለሁ። መታወቂያና የልጆቹን ስም የያዘውን ተጨማሪ ወረቀት ይዞ ማስመዝገብ ነው።

ለሕንፃው ኮሚቴ ደግሞ ይህን ይንገሩ፦ ሌሊት ሁሉ ከተኛ በኋላ አንድ ሰው ወርዶ ዋናውን ቆጣሪ በባትሪ ይየው። ማጠጫው ተዘግቶ ትንሿ ጎማ እየዞረች ከሆነ ውሃው ከመሬት በታች እየሄደ ነው። የማጠጫው ሳጥን ቁልፍ በማን እጅ እንዳለም አስቀድመው ይጠይቁ፤ በብዙ ሕንፃ የሚያውቀው ሰው አይገኝም።